ሰሌኑን እንዳታደንቂ

ጂልያን በሳሞአ የሳቫይ ደሴት ሴቶችን ንግድ ልታስተምር ከሜልቦርን ስትመጣ የያዘችው አንዲት ሻንጣ ብቻ ነበር። ጥቂት ወር ሳይቆይ፣ በመንደሩ ፓስተር ቤት የተሰጣት ክፍል ሞልቶ ዕቃዋ በረንዳ ላይ ይከመር ጀመር።

ጥፋቱ የአፏ ነው። ላኪዎቿ «ሴቶቹን አበረታቺ» ብለዋታልና ያየችውን ሁሉ ታደንቃለች። «ይሄ ቅርጫት ሲያምር!» ካለች ቅርጫቱ ሳይመሽ ደጃፏ ይደርሳል። «ማራገቢያሽ ደስ ይላል» ካለች ማራገቢያው እጇ ላይ ነው። እንግዳ አድንቆት የቀረ ዕቃ ያለበት ቤት በመንደሩ ስሙ በበጎ አይነሳም። እሷ ግን ስጦታውን የትምህርቱ ፍሬ አድርጋ ቆጥራ፣ ከበፊቱ አብልጣ ታደንቃለች። ሴቶቹ ስለ ሸቀጥ በተማሩ ቁጥር ሸቀጣቸው አለቀ።

ብልጦቹ መላ ዘየዱ፤ ለትምህርት ሲሄዱ ከቤታቸው አስቀያሚውን እየመረጡ ይይዙ ጀመር። ጠማማ ቅርጫት፣ ያረረ ዳቦ። ጂልያን ትምህርቱ በገፋ ቁጥር ሙያቸው ለምን እንደሚበላሽ ግራ ገባት። ሞራላቸው እንዳይወድቅ ብላ ያረረውን ዳቦ አደነቀች። ያረረው ዳቦም ተሰጣት።

ከተማሪዎቹ አንዷ ማሲና እስካሁን የከሰረችው ሁለት ማራገቢያና አንድ ዶሮ ነው። አሁን ግን የጂልያን የቤት ለቤት ጉብኝት ታወጀ፤ እንቅልፍ ያሳጣት እሱ ነው። ለዓመታት የታታችው ሰሌን ፍራሿ ስር አለ፤ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ ዳሩ ቀይ ላባ የተሰካበት። ቅዳሜ ወንድሟ የቤተሰቡን የአለቃነት ማዕረግ ሲቀበል የእህት ስጦታ ሆኖ በሕዝብ ፊት የሚዘረጋው እሱ ነው። እህት ባዶ እጇን ከቀረበች የወንድም ማዕረግ ምኑ ማዕረግ ነው?

እርጥበት እንዳይዘው ብላ ጠዋት ሣር ላይ ዘርግታ ፀሐይ እያስመታችው ሳለ፣ ጂልያን ከቱሊማ ጋር ከች አለች። ቱሊማ የወንድሟ ሚስት ናት።

«ከሰዓት አላልሽም እንዴ?» አለች ማሲና፣ ሰሌኑን በቀሚሷ የምትጋርድ ይመስል መሐል ቆማ።

«እንደ ደሴቱ ቤት ሁሉ ቤትሽ ግድግዳ የለው፣ ምን ልትደብቂ ነው?» አለች ቱሊማ እየሳቀች። «ዞር በይ፣ ትየው።»

«አንቺ እባብ! ባልሽን በባዶ ልታሾሚው ነው?»

ጂልያን ሰሌኑን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ...» አለች ጂልያን በተሰባበረ ሳሞአኛዋ፣ «ይሄ አይረባም።»

ማሲና በልቧ እልል አለች። አምላኬ ተመስገን! አይረባም!

«ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ዳሩም ተንጋዷል። ላባው ደግሞ... በጣም ቀይ ነው።»

የማሲና እልልታ መሐል ላይ ቆመ። «የቱ ጋ ነው የተንጋደደው?»

«ተዪያት እንጂ» ብላ ቱሊማ ጎኗን ቆነጠጠቻት።

«አልተውም! ዓይኔ እስኪደክም የታታሁትን?» ማሲና ጋርዳ የቆመችለትን ሰሌን ራሷ አንስታ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው። «በጣትሽ ዳብሺው እስቲ! እዚህ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ካየሽ ጥሪኝ!»

ጂልያን ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አስቀያሚ ነው» አለች። «በጣም፣ በጣም አስቀያሚ።»

ቱሊማን ሳቅ ያዛት። «ትናንት ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ያደነቅሽው ሁሉ ይሰጥሻል፣ የማሲናን ሰሌን ካደነቅሽ የባሌ ቅዳሜ አበቃለት አልኳት።»

«በረንዳ ያለውን ሁሉ ልመልስ ነበር» አለች ጂልያን። «መመለስ ከስድብ ይብሳል ብላ ከለከለችኝ። ላስተምር መጥቼ ስዘርፋችሁ ከረምኩ።»

ማሲና ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ሰሌኑ ተርፏል። ግን «አስቀያሚ» የሚለው ቃል አልዋጥ አላት። ሰሌኑን መልሳ ሣሩ ላይ ዘረጋችው።

«እሺ፣ እውነቱንስ?»

«እውነቱን ካልኩ ትሰጪኛለሽ።»

«አልሰጥሽም።»

«በእግዜር?»

ማሲና ልትምል አፏን ከፈተች፤ አልማለችም። እንግዳ እያደነቀ ሰሌኑን ጠቅልላ ስታስቀር ታያት፤ ከዚያ በኋላ በምን ፊቷ ሰው ታያለች?

ጂልያን ጫማዋን አወለቀች። ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መዳፏን አሳረፈችበት፤ እጇን አላነሳችም።

«ቱሊማ፣ ምን እያለች ነው?» አለች ማሲና በሹክሹክታ።

«ምንም። ዝም ብላለች።»

«እንዲህ ያለው ዝምታ ማድነቅ ነው፣ አይደለም?»

«እኔ እንጃ፣ እህቴ። እንዲህ ያለ ደርሶብን አያውቅም።»

ማሲና ሰሌኑን ከወዲያ ጫፍ መጠቅለል ጀመረች፤ ቀስ እያለች። ጥቅልሉ የጂልያን እጅ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንግዳን እጅሽን አንሺ አይባልም። ጥቅልሉን አቅፋ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ የጂልያን እጅ ተነስቶ ሰሌኑ እስኪተርፍላት፣ ወይም አፏ አድንቆ እስኪወስድባት ትጠብቅ ጀመር፤ የትኛው ይቅደም ብላ እንደምትጸልይ ግን ለራሷም አልገባት አለ።