ሞተሩ ያልረሳው ጥፋት

«ታዲያ አንተ ሦስት ቀን ሙሉ ሰምተህ ምን አገኘህ?» አለች ልጅቷ፣ ግቢው ውስጥ ከቆመው ሞተር ሳይክሏ አጠገብ ተንበርክካ።

«መስማት ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጊዜ የለኝም አባዬ። ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛ ነኝ። ትናንት መንገድ መሀል ሁለቴ ጠፍቶብኛል፤ አዋላጅ ደግሞ አርፍዳ አትደርስም።»

አባትየውን ሰፈርተኛው ጋሽ ጆሮ ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት የብሎን መፍቻቸውን፣ የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው የሞተሩን በሽታ ሲናገሩ ኖረዋል። ጋራዡን ከዘጉ ወዲህ የቀረቻቸው በሽተኛ ይቺ የልጃቸው ሞተር ሳይክል ብቻ ናት። እሷንም በሽታ የሚያነብ ስልክ ከወሰደባቸው ጠዋት ተነስተው ምን እንደሚሠሩ አያውቁም።

ልጅቷ የክብሪት ቀፎ የምታክል መመርመሪያ ከመቀመጫው ሥር ሰካች። ስልኳ ላይ አንድ ቀይ መስመር መጣ።

«ይኸው። የጭስ ማውጫው ሴንሰር ምልክት አልላከም ይላል። አዲስ ይገዛለታል። ነገ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ አስገባዋለሁ።»

ጋሽ ጆሮ አንገታቸውን አከኩ። የዚያን ሴንሰር ሶኬት ትናንት ከሰዓት ራሳቸው ነቅለዋት ነበር፤ ሽቦዋ የካቻቢቴያቸውን መንገድ ብትዘጋባቸው፣ ነቅለው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ ልባቸው እስኪደርስ አዳምጠው መልሰው ሰክተዋታል። አሁን ዝም ቢሉ አዲሱ ዕቃ ይገጠማል፣ ሞተሩም እንደገና ይጠፋል፤ ያን ጊዜ «አላልኩሽም?» ማለት ይችላሉ። ሐሳቡ ለአፍታ ጣፈጣቸው። ከዚያ ልጃቸው ከኋላዋ የጭነት መኪና እየመጣ መንገድ መሀል ስትቆም ታየቻቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንገትህን ምን ነክሶህ ነው?» አለች ሚስታቸው በረንዳው ላይ አተር እየፈለፈለች፤ ወደ ልጇም ዞረች። «የደበቀው ነገር ሲኖር ነው እንዲህ የሚያክከው። የተጋባን ቀን እንኳ ሲያክክ ነው የዋለው።»

«ሶኬቷን ትናንት ነቅዬ ሞተሩን አስነስቼው ነበር» አሉ ጋሽ ጆሮ መሬት መሬት እያዩ።

ልጅቷ ስልኩን ዝቅ አደረገች። «ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ታስነቅዪኝ ነበር?»

ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም። «ስለዚህ ይሄ ያንተ ጥፋት ነው። ሞተሩ መዝግቦ ይዞብሃል።»

«እንደ እናትሽ ነዋ። አይረሳም።»

ምዝገባውን አጥፍታ ሞተሩን አስነሳች። ቀዩ መስመር አልተመለሰም። ጋሽ ጆሮ በአንድ እጃቸው ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ በሌላው መሪው ላይ ተደገፉ። መሪው በክብደታቸው ወደ ግራ ዞረ። ሞተሩ ስቅ አለው።

«አሁን ምን ይላል?»

«ባትሪው አሥራ አራት ቮልት ነበር… ወደ አሥር ወረደ። ተመለሰ።»

መሪውን እስከ መጨረሻው አዞሩት። ሞተሩ ጠፋ።

«ትናንት ሲጠፋብሽ ወዴት እየታጠፍሽ ነበር?»

አሰበች። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ። ድልድዩም ጋ ወደ ግራ።»

«እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ቀጥ አድርጌ አቁሜ አዳምጣለሁ» አሉ። ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ፈቱት። አንድ ቀይ ሽቦ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ የላስቲክ ልብሱ ተልጧል፤ በሁለት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ነው የተያያዘው፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ይወጠርና ይላቀቃል። ቆርጠው ቀጠሉት፣ በሚለጠፍ ናስትሮ ጠቀለሉት፣ ከብረቱ አርቀው አሰሩት። ከዚያ እሳቸው መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞሩ እሷ ቁጥሩን አነበበች። አሥራ አራት። አሥራ አራት። አሥራ አራት።

«አንዲት ነርስ ጓደኛዬንም ሞተሯ ያስቸግራታል» አለች ዕቃዋን እየሰበሰበች። «ቅዳሜ ላምጣልህ? እኔ አነባለሁ፣ አንተ ትሰማለህ።»

«ጠዋት ይሁን» አሉ ጋሽ ጆሮ፣ እንደ ሥራ የበዛበት ሰው።

እጃቸውን ታጥበው በረንዳው ላይ ተቀመጡና አተሩ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ።

«ግራሶው ከእጅህ ለቋል?» አለች ሚስታቸው።

«ለቋል።»

«እስቲ አሳየኝ። ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጠባሳ ነው፤ ድሮም ነበር።»

ልጅቷ ሄልሜቷን አስራ ሞተር ሳይክሉን በበሩ አወጣች። እናትየው የባሏን መዳፍ ወደ ብርሃኑ ገልብጣ፣ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ እየፈተገች ነበር።