የታች ሰፈር ልጆች ጉብኝት

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ርዕሰ መምህሩ የያዙት ደግሞ ወረቀት ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን አስቡት።

ቢሯቸው ውስጥ ግድግዳ የሚባል ነገር አይታይም። ከወለል እስከ ጣሪያ በቀለም እስክሪብቶ በተሠሩ ግራፎች ተሸፍኗል፦ ተማሪ በጾታ፣ ተማሪ በዕድሜ፣ ተማሪ በሰፈር፣ ተማሪ በወላጅ ሥራ። መምህራኑ «ጋሼ ግራፍ» የሚል ስም ያወጡላቸው ለዚሁ ነው። ተማሪውን ራሱን፣ ደምና ሥጋ ያለውን፣ ክፍል ገብተው ካዩ ግን ከርመዋል።

ዘንድሮ ጭንቅ መጣ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለስምንተኛ ክፍል የምዘና ፈተና እሰጣለሁ፣ አማካይ ውጤቱ ከግማሽ በታች የሆነ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ይነሣል አለ። ጋሼ ግራፍ ያቺን ወንበር ይወዷታል፤ የምትሽከረከር ናት።

ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ለጠፉ። አንዱ ላይ የተማሪዎቹ ውጤት ከዓመት ዓመት ይወርዳል። ሌላው ላይ ከታች ሰፈር የሚመጡት ልጆች ቁጥር ከዓመት ዓመት ይወጣል። ታች ሰፈር የተሸካሚዎች፣ የልብስ አጣቢዎችና ከሩቅ ተሰደው የመጡ ሰዎች መንደር ነው። ላይ ሰፈር የሚኖሩት ባለሱቆች፣ የቢሮ ሠራተኞችና ራሳቸው ጋሼ ግራፍ ናቸው።

«አገኘሁት!» አሉ ለስፖርት መምህሩ። «የሚጎትተን ታች ሰፈር ነው። እነሱ በበዙ ቁጥር ውጤት ይወርዳል። ይኸው፣ ዓይን ያለው ይይ!»

የስፖርት መምህሩ ማጅራቱን አከከ። «ጋሼ፣ የሒሳብ መምህሯ ከለቀቀች ወዲህ ሒሳብ የማስተምረው እኔ ነኝ። ምናልባት እሱም…»

«እሱ ግራፉ ላይ የለም» አሉ ጋሼ ግራፍ። ወሬው በዚሁ ተዘጋ።

መላም ተገኘ። በፈተናው ቀን የታች ሰፈር ልጆች በሙሉ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሄደው እንዲጎበኙ ተወሰነ። ወላጆቻቸው ሲሰሙ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። አንዷ እናት እንዲያውም ቢሮ ድረስ መጥታ «ለልጆቻችን የሚያስብ ሰው ሰጠን፤ ዕድሜ ይስጥልን» ብላ መረቀቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን በጨው አጥበው አሜን አሉ። ምርቃትም እንዲህ ይሰረቃል።

በቀኑ አውቶቡሶቹ በዘፈን ተሞልተው ወጡ። ክፍል ውስጥ የቀሩት የላይ ሰፈር ልጆች ብቻ ሆኑ፤ ንጹሕ ንጹሖቹ፣ ሁለት ሁለት እስክሪብቶ የያዙት። ከመካከላቸው ሁልጊዜ ከክፍሉ ሁለተኛ የሚወጣው የጋሼ ግራፍ ልጅ አለ። አባትየው በመስኮት አዩዋቸውና «ትምህርት ቤት ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ሄዱ።

ፈታኙ የስፖርት መምህሩ ነበር፤ አንድ ነገር ገረመው። ልጆቹ ወረቀቱን አያዩም። ግራ ቀኝ፣ ፊትና ኋላ እየዞሩ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ የሌላውን ፊት ሲያጠና ሌላውም የእሱን ያጠናል። እንደዚሁ እንደተፋጠጡ ሰዓቱ አለቀ።

ውጤቱ ሲመጣ አማካዩ ግማሽ መድረሱ ይቅርና የግማሽ ግማሽም አልሞላ። ጋሼ ግራፍ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩት፤ እዚያም የተሻለ ቁጥር የለም። ልጃቸው ከመጨረሻ ሁለተኛ ነው።

ቤት ሲገቡ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ልጁን አፋጠጡት።

«ምን ሆነህ ነው? አሞህ ነበር?»

ልጁ ዳቦውን እያኘከ ቀና አለ። «አባዬ፣ እነ ቀጮን ወስዳችሁብኝ ከማን ልኮርጅ?»

«ቀጮ ደግሞ ማን ነው?»

«አጠገቤ የምትቀመጠዋ! የታች ሰፈር ልጅ ናት፤ አንደኛ የምትወጣው። እኛ መጽሐፍ እናውሳቸዋለን፤ እነሱ ደግሞ ፈተና ላይ መልስ ይሰጡናል። ‹ሀ› ከሆነ ጆሮዋን ትነካለች፣ ‹ለ› ከሆነ አፍንጫዋን፣ ‹ሐ› አገጯን፣ ‹መ› ግንባሯን። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። አጠገቡ የታች ሰፈር ልጅ ያልደረሰው ይወድቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁሌም ነዋ! አንተ አታውቅም ነበር እንዴ?»

ሚስታቸው ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለችና ሳቀች።

ጋሼ ግራፍ አፈሩ። እውነት ነው፣ ጆሯቸው እስኪግል ድረስ አፈሩ። ግን እንዲህ ያለ ሰው ላይ እፍረት አያድርም፤ ወንበሯ ትዝ አለቻቸው። መመሪያውን ቢያገላብጡ፣ በፈተናው ቀን ያልተገኙ ተማሪዎች በሳምንቱ ተፈትነው ውጤታቸው ከሌሎቹ ጋር ይደመራል ይላል። ነፍሳቸው መለስ አለች።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ግቢ ወርደው ቀጮን ፈለጉ። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣውን ተማሪ መልኳን ስለማያውቁ ሰው መጠየቅ ነበረባቸው። ከቧንቧው አጠገብ እግሯን ስትታጠብ አገኟት።

«የኔ ልጅ፣ ጉብኝቱ እንዴት ነበር?»

«ደስ ይላል ጋሼ። ቆሻሻው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ንጹሑ ላይ ይቀራል አሉን።» ቀና ብላ አየቻቸውና «ውሃ ላይ ነው እሱ» ብላ ጨመረች።

ጋሼ ግራፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰኞ እናንተም ትፈተናላችሁ። መቼም አታሳፍሩኝም አይደል? የትምህርት ቤታችን ክብር ነው።»

«እንፈተናለን። ግን አንድ ነገር እናስቸግርዎት።»

«የፈለግሽውን!»

«በዚያ ቀን የላይ ሰፈር ልጆች ጉብኝት ይሂዱልን። እዚህ ካሉ፣ ተፈትነው ጨርሰውም እንኳ መስኮቱ ላይ ተደርድረው ፊታችንን ማየታቸው አይቀርም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ አፍንጫዬን ሲበላኝ አክኬ አላውቅም።»

እምቢ ይሉ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ካለ ጋሼ ግራፍን አላወቃቸውም። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሶቹ በሩ ላይ ቆሙ። እሳቸው ራሳቸው ደጃፉ ላይ ሆነው የላይ ሰፈር ልጆችን አንድ በአንድ አሳፈሩ። መጀመሪያ ገብቶ የመስኮቱን ቦታ የያዘው የገዛ ልጃቸው ነው። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ አንገቱን አውጥቶ ግቢው ሁሉ እየሰማ ጮኸ፦

«አይዞህ አባዬ! ቀጮ አለችልህ!»