የዐሊማ ፍየሎች

«ለሟቿ ምኗ ነሽ?»

የጠየቀችው ከደጋን ለለቅሶ የመጣች የዐሊማ የሩቅ ዘመድ ናት። ክፋት አልነበረባትም፤ ማንን ማጽናናት እንዳለባት ግራ ገብቷት ነው። ጦይባ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። አንዲት ጎረቤት ወደ እንግዳዋ ጆሮ ተጠግታ አንሾካሾከች። «ጣውንቷ» የሚለው ቃል ከሹክሹክታው አምልጦ ወጣ። ሴትዮዋ ጦይባን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ያበጡትን ዓይኖቿን አየች፤ ከዚያ እንደ ወጉ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብላ ፊቷን ወደ ሌሎቹ መለሰች።

ሐዘን ከተቀመጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ገራዶ ላይ ከንጋት ጀምሮ ያካፋል። ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ስለ ሟቿ ደግነት ያወራሉ። የጦይባ ጆሮ ግን ጓሮ ነው። ጉረኖው ውስጥ አንድ ግልገል ይጮሃል። ረፋዱን ሙሉ ጮኋል። የጠባ ግልገል እንዲህ አይጮህም።

ልትነሳ ስትል ሁለት እጆች ትከሻዋን ይዘው መለሷት። ሐዘንተኛ ከምንጣፍ አይነሳም አሏት። ፍየሎቹን ወርቅነሽ ይዛቸዋለች፣ አታስቢ አሏት። ወርቅነሽ ከአጥሩ ማዶ ያለች ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናት። ዐሊማ ከተቀበረችበት ሰዓት ጀምሮ ማንም ሳይጠይቃት ፍየሎቹንም፣ አህያዋንም፣ ዶሮዎቹንም ተረክባለች። ጦይባ ተቀመጠች። ግልገሉ ጮኸ።

ጦይባ ወደዚህ ቤት ስትገባ ገና ለጋ ሙሽራ ነበረች፤ ሙሄዲን በዐሊማ ላይ ነው ያገባት። ዐሊማ አልወለደችለትም። የመጀመሪያውን ዓመት ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ አሳለፉት፤ አንዷ ከምድጃው ካልተነሳች ሌላዋ አትቀርብም። ጦይባ ሩሚሳን ወልዳ ገና አርባ ቀን ሳይሞላት ሙሄዲን ባቲ ላይ ሦስተኛ ሚስት አገባና እቃውን ጭኖ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሞተውም እዚያው ነው። የሄደ ለት ማምሻውን ዐሊማ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የሕፃኗን እናት ትንሽ አየቻትና «እንግዲህ አንድ ላይ እንቅና» አለቻት። ጦይባ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ዳር አብረው ተቀመጡ።

ያን ሰሞን ጦይባን ወባ ጣላትና ጡቷ ደረቀ። ዐሊማ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ጉረኖው ወሰደቻት፤ የፍየል ወተት አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በማንኪያ ጠብ እያደረገች አተረፈቻት። ሩሚሳ በፍየሎች መሐል ዳዴ አለች። አፏን ስትፈታ «እማዬ» ያለችው ዐሊማን ነው። ወላጅ እናቷን፣ ዐሊማ ስትጠራት እንደምትሰማው፣ «ጦይባ» አለቻት። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው የምትላት። ጦይባ አንድም ቀን አላረመቻትም። እንዴት ብላ? ልጇ የተረፈችው በዚያች ሴት እጅ ነው።

ጉረኖው የዐሊማ፣ ቤቱና ገበያው የጦይባ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ዐሊማ አልጋ ስትይዝ የጦይባ ጭንቀት ሁለት ሆነ፤ አንዱ ዐሊማ፣ ሌላው ፍየሎቹ። የማን ጠባይ ምን እንደሆነ አታውቅም። ቀበሌው ትምህርት ቤት የጎልማሶች ክፍል ገብታ ፊደል መቁጠር ጀምራ ስለነበር፣ ዐሊማ እየነገረቻት በደብተር መጻፍ ያዘች። እጇ ቀርፋፋ ነው፤ አንዷን ፍየል ጽፋ ለመጨረስ አንድ ማታ ይፈጅባታል። «ቦቃ ከቀኝ በኩል ካልሆነ አትታለብም» ብላ ጻፈች። «ቀንደ ቆልማማዋ ውኃ ስታይ ትፈራለች» ብላ ጻፈች። ዐሊማ አንዳንዴ ፊደሎቹን አይታ፣ ፍየሎቹ ራሳቸው ከዚህ የተሻለ ይጽፉ ነበር ትላታለች። አምስት ተጻፉ። ዘጠኙ ሳይጻፉ ዐሊማ ሞተች።

ለዐስር ሶላት ቤቱ ሳሳ ሲል ጦይባ ተነስታ በጓሮ በር ወጣች። ወርቅነሽ ጉረኖው ደጃፍ ላይ ግልገሉን በጉያዋ ይዛ ታለቅሳለች። ፍየሏ ዳለቻ ጎሕ ሲቀድ መንታ ወልዳ ነበር። አንዱ ወዲያው ቆሞ ጠባ፤ ሁለተኛው ካፊያው ላይ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። ወርቅነሽ ዕድሜዋን ደሴ ሻይ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፣ ፍየል አርብታ አታውቅም። አዘነችለትና ወደ ቤቷ ወስዳ በሞቀ ውኃ አጠበችው፤ በፎጣ አድርቃ እሳት ዳር አሞቀችው። መልሳ ስታመጣው ዳለቻ አሸተተችውና በቀንዷ ወረወረችው።

«ሰባት ልጅ አጥቤ አሳድጌያለሁ፤ ምን አጠፋሁ?» አለች ወርቅነሽ።

ጦይባ ምንም እንዳላጠፋች ነገረቻትና ግልገሉን ተቀበለቻት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ዳለቻ ልጇን የምታውቅበት ሽታ በውኃው ሄዷል። ዳለቻ ደግሞ ካልተጻፉት አንዷ ናት።

ዐሊማ እንዲህ ሲገጥማት ጨው ስታነሳ ጦይባ አይታለች። ከማጀት አንድ እፍኝ ይዛ መጣች። ከእናቲቱ ጡት እንገር፣ የወለደች ሰሞን የሚወጣውን ወፍራም ወተት፣ ማለብ እንዳለባትም ታስታውሳለች፤ ግን ፍየሏ በአንድ እጅ አትያዝም። ሁለቴ አመለጠቻት፣ ሦስተኛው ላይ ጭቃው ውስጥ በጉልበቷ ወደቀች።

«ቀንዷን ለኔ ስጪኝ።»

ሩሚሳ ናት። ትናንት ከኮምቦልቻ እንደመጣች የለበሰችውን ረጅም ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገባች፤ ዳለቻን በቀንዷ ይዛ ከግድግዳው ጋር አጣበቀቻት። ጦይባ እንገሩን በመዳፏ አልባ የግልገሉን ጀርባ ቀባች፣ ጨው ነሰነሰችበት።

«ጀርባውን ብቻ አይደለም» አለች ሩሚሳ። «የምታሸተው ጭራው ሥር ነው። እማዬ እዚያ ነበር አብዝታ የምትቀባው።»

ጦይባ እንደተባለችው አደረገች። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ካፊያው ይሰማል።

ሩሚሳ እናቷን ሳታያት፣ «እነዚህን ሸጠሽ ለምን ከእኔ ጋር አትሄጂም?» አለቻት።

«ኮምቦልቻ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም። ትቀመጫለሽ።»

«ሁለት ቀን ተቀምጬ ይኸው ወገቤ ተቆረጠ።»

ሩሚሳ ሳቅ አለች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ሄደ። ጦይባ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ እጇ በእንገርና በጨው ተጨማልቋል፣ መለሰችው። «ቅሪ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ከሬሳው ፊትም፣ ከቀብር መልስም እንዲሁ መጥቶ ነበር። ልጅን ቅሪ ለማለት ያሳደገ እጅ ያስፈልጋል ብላ ታምናለች። ዋጠችው።

ዳለቻ አንገቷን አሰገገች። ግልገሉን አንዴ ላሰችው፣ ደገመችው። ከዚያ ያ ዝቅ ያለ፣ ለልጇ ብቻ የምታሰማው ድምፅ ከደረቷ ወጣ። ግልገሉ ሥሯ ገብቶ ጡቱን ሲያገኘው ሩሚሳ ቀንዱን ለቀቀች። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው እስኪጠግብ ድረስ አዩት።

በሦስተኛው ቀን ሰደቃው ተበላ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ዳሱ ፈረሰ። የደጋኗ ሴት በጠዋት መኪና ሄደች። ለሩሚሳ የምትሠራበት ልብስ ፋብሪካ የሰጣት የሦስት ቀን ፈቃድ ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ ጦይባ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። መንገዱን ሙሉ ስትመክራት ሄደች፤ በሩን ከውስጥ እንድትቀረቅር፣ ምግብ እንዳትዘል፣ ማታ ከፈረቃ ስትወጣ ብቻዋን እንዳትሄድ። ሩሚሳ እሺ፣ እሺ ትላለች። ኮምቦልቻ የሚኬደው በደሴ በኩል ነው፤ የደሴው ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ ቦርሳዋን ተቀበላት። አንድ እግሯን መረገጫው ላይ አድርጋ ዞረች።

«ሌላ የምትዪኝ የለም?»

«ስትደርሺ ደውዪልኝ።»

«እማዬ ብትሆን ቅሪ ትለኝ ነበር።»

«እሷ ትችላለች» አለች ጦይባ።

«አንቺስ?»

ረዳቱ በሩን ይዞ ይጠብቃል። ተሳፋሪዎቹ ያያሉ። ጦይባ የልጇን አንገት ልብስ አስተካከለችላት።

«ሥራሽ ይሄድብሻል፤ ግቢ» አለቻት።

ሩሚሳ ትከሻዋን ሳመቻትና ገባች። ሚኒባሱ ኩርባውን ከዞረ በኋላ ነው ጦይባ ልጅቷ ስለ ሥራው እንዳልጠየቀቻት የገባት። መንገዱ ዳር ቆማ «ቅሪ» አለች፣ ድምፅ አውጥታ። አንዲት ሳር የጫነች ሴት አህያዋን እየነዳች አለፈች፤ እሷን ያለቻት መስሏት ዞር ብላ አየቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍየሎቹን ከሜዳው ሰበሰበች። ቦቃ ቀድማ ገባች፣ ሌሎቹ ተከተሉ፣ ዳለቻ ከሁለት ልጆቿ ጋር መጨረሻ ገባች። ጦይባ የበሩን አግዳሚ እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሁልጊዜ ከፍየሎቹ ኋላ ዐሊማ በበትሯ እየነዳች ትገባ ነበር፤ ጦይባ የምትዘጋው ከእሷ በኋላ ነው። ሁሉም ገብተዋል። እንጨቱን አልጣለችውም። ሰው የምታሳልፍ ያህል ጠጋ ብላ ቆየች። ከዚያ ዘጋች።

ዐሊማ ከመስጊዱ ኋላ ተቀብራለች። ሩሚሳ ወደ ኮምቦልቻ ሄደች። ጦይባ ከፍየሎቹ ጋር ቀረች።