ሁለት መቶ አርባ ግራም

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የላላ ቆርቆሮ ድምፅ በጭጋጉ ውስጥ ከኋላው መጣ። ቦ-ዩ ዞር ብሎ ማየት አላስፈለገውም። ከፋብሪካው ብስክሌተኞች መካከል ፓራፋንጎውን ያልፈታ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀለም ክፍሉ ጋሽ ትየን-ፉ፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ።

«ደረሱብኝ» አለ በልቡ። ንዴቱ ጉሮሮው ላይ ሊቆም ሲል ቦታው ተይዞ አገኘው። እዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያኝከው የቆየው ፕሮቲን ባር ነበረ። የተራራው ብርድ እንደ ጫማ ሶል አድርቆታል፤ አይሰበር፣ አይዋጥ።

ቦ-ዩ ታይቹንግ ከተማ ባለው የብስክሌት ፋብሪካ ውስጥ ሥራው መመዘን ነው። እያንዳንዱን ቴላዮ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ስድስት ግራም ከበዛ ይመልሳል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ዓለም ሁሉ በግራም ይታየው ጀመር። ካልሲውን መዝኗል። ፀጉሩን ተቆርጦ ቁራጩን መዝኗል። ስለዚህ የፋብሪካው የብስክሌት ቡድን አለቃ ሱ-ዠን «ቡድኑ ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቶናል። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከፑሊ ከተማ ተነስቶ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ ዉሊንግ ተራራ አናት ላይ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል» ስትል፣ መጀመሪያ የመዘነው ስንቁን ነበር። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቦታው በደቂቃዎች አምልጦታል። ዘንድሮ የሚወዳደሩት እሱና ጋሽ ትየን-ፉ ብቻ ነበሩ።

አራት ባር፣ ሁለት መቶ አርባ ግራም። የጋሽ ትየን-ፉ ስኳር ድንችና የሩዝ ጥቅል ደግሞ ዓርብ ዕለት ምሳ ቤት ውስጥ ሲመዘን ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ገበያ ሊያወጡት ነው?» ብሎ ቦ-ዩ ሠራተኛውን አሳቀ።

«ያንተውስ ምግብ ነው ወይስ መለዋወጫ?»

«ሃያ ግራም ፕሮቲን አለው። ስኳር የሚባል ነገር የለበትም።»

«እሱን ነው የምፈራልህ» አሉና ሾርባቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

አሁን ኩንያንግ የሚባለውን የመጨረሻ ማረፊያ አልፎ፣ አናቱ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው፣ እግሩ የሰው እግር ሆነበት። ልቡ ደህና ነው፤ ትንፋሹም አልከዳውም። እግሩ ግን ባዶ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሩዝ አልቀመሰም፤ ሩዝ ይከብዳላ። ሆዱ ደግሞ በዋጠው ሁሉ ድንጋይ እንደጎረሰ ተነፍቷል።

ጋሽ ትየን-ፉ ጎኑ ደረሱ።

«ምን ሆነሃል የኔ ልጅ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ደህና ነኝ።»

ከጀርባ ኪሳቸው ግማሽ ስኳር ድንች አውጥተው ዘረጉለት። «እንካ ጉረስ። ገና ደቂቃዎች አሉህ።»

ቦ-ዩ ድንቹን አየው። ወርቅ የመሰለ፣ ላብ ያወረዛው። ምራቁ መጣ። ከዚያ ዓርብ የሳቁት ሰዎች ትዝ አሉት።

«ይከብደኛል» አለ።

«ሆድ ከገባ እሱ ነው አንተን የሚሸከምህ» አሉ። ትንሽ ጠበቁት። ሲያዩት እጁን ከመሪው አላነሳም፤ ፔዳላቸውን ረገጡ። ኳኳታው ጭጋጉ ውስጥ ራቀ።

ቦ-ዩ አራተኛውን ባር ቀደደ። ግማሹን ነክሶ፣ የቀረውን ከአፉ እያንጠለጠለ፣ ሁለት መታጠፊያ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ወረደና ብስክሌቱን እየገፋ መሄድ ጀመረ። ይህች በፋብሪካው ታሪክ ከሁሉ የቀለለችው ብስክሌት ነበረች፤ በእጁ ሲገፋት ግን ቀላልነቷ ምንም አልጠቀመውም። አንድ አውቶቡስ አለፈው፤ ከመስኮቱ ሕፃን እጁን አወዛወዘለት።

አናቱ ላይ ሲደርስ አራት ሰዓት ከዐሥራ ሰባት ነበር። ሱ-ዠን ሰዓቷን ይዛ፣ አዲሱን ቀይ ማሊያ ክንዷ ላይ አጥፋ ቆማለች። ጋሽ ትየን-ፉ ድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠው ሩዛቸውን ይበላሉ።

«እሳቸው አራት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀር» አለች።

«እትዬ፣ ጥናቴ ትክክል ነበር። ፕሮቲኑን አስልቼ…»

«ፕሮቲን ሲሚንቶ ነው ቦ-ዩ። ማታ ቤትህ ገብተህ የፈረሰውን ትጠግንበታለህ። ምድጃ ውስጥ ሲሚንቶ ጨምረህ ለምን አልነደደም ትላለህ?»

«ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። ባለፈው ዓመትም ሩዝ ብላ አልኩህ። ስንት ግራም ነው ብለህ ጠየቅከኝ።»

ቦ-ዩ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት፣ ዝናብ ውስጥ፣ ከሥራ በፊት፣ ብቻውን የወጣቸው ዳገቶች ሁሉ ጥርሱ ውስጥ ከቀረው ቁራጭ ጋር ተጣብቀው ቀሩ። መትፋት ፈለገ፤ ምራቅ አልነበረውም።

ሱ-ዠን ማሊያውን ለጋሽ ትየን-ፉ ዘረጋችላቸው። «ስድስተኛችን እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

ጋሽ ትየን-ፉ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠራረጉ። ማሊያውን አዩት። ቦ-ዩንም አዩት። ከዚያ ማሊያውን ሳይቀበሉ፣ «እኔ ስንቄን የቋጠርኩት እስከ ባሕሩ ነው» ብለው ተነሡና ብስክሌታቸውን ያዙ፤ የመጡበትን የፑሊን መንገድ ትተው፣ በወዲያ በኩል ወደ ምሥራቁ ባሕር የሚወርደውን ያዙ።

«ጋሼ!» አለች ሱ-ዠን፣ ማሊያውን እንደዘረጋች።

ፓራፋንጎው ሁለቴ ተንኳኳ። ጭጋጉ ዋጣቸው።