የሰባት ሰዓቱ በረራ

ሰዲቅ አሊዪ በቀወት ወረዳ ማሽላ ላይ የሚወርደውን የግሪሳ ወፍ መንጋ በመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ሲያሳድድ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። በይፋት ቆላ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ሙቀቱ መቼ እንደሚበረታ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አብራሪ የለም ይባል ነበር። ዓለም አቀፉ የአክሮባት በረራ ሻምፒዮና ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የመርጫ አውሮፕላን ሜዳ ላይ እንዲካሄድ ሲወሰን ታዲያ የውድድሩ ኃላፊነት ለሱ መሰጠቱ ማንንም አላስገረመም። እሱ ግን ደስታውን መደበቅ አቅቶት ነበር። ባለቤቱ ዘይቱና ነጭ ሸሚዙን እየተኮሰችለት፣ "ሙሽራ ሆነሃል እኮ" ብላ ስቃበታለች።

ከስምንት አገር አሥራ ዘጠኝ አብራሪዎች መጡ። ትንንሾቹ አውሮፕላኖቻቸው ተፈታተው በኮንቴይነር ከጅቡቲ ደረሱና ሜዳው ላይ ተገጣጠሙ። ውድድሩ ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል፤ አንድ አውሮፕላን ብቻውን ይወጣል፣ ዳኞች በለኩት የሰማይ ሳጥን ውስጥ ይገለበጣል፣ ቀለበት ይሠራል፣ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ይወርድና መልሶ ቀጥ ይላል። ሰባት ዳኞች መሬት ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ነጥብ ይሰጣሉ። የሳጥኑ ወለል ከመሬት ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በታች የወረደ ነጥብ ይቀነስበታል፤ በጣም የወረደ ደግሞ ነጥብ የሚያስጨንቀው አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ሰዲቅ አንድ የራሱን ደንብ ጨመረ።

"ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ማንም አይበርም" አለ። "ግንቦት ነው። እዚህ አገር አየሩ ሲግል ይሳሳል፤ ክንፋችሁ የሚይዘው ያጣል። በአገራችሁ በመቶ ሜትር ቀና የምታደርጉት አውሮፕላን እዚህ ሁለት መቶ ይፈጅባችኋል።"

የዳኞቹ አለቃ ኢሎና የምትባል ዕድሜዋ የገፋ ሃንጋሪያዊት ነበረች። ደንቡን አጻፈችና ለሁሉም በተነች።

ከተወዳዳሪዎቹ ኢትዮጵያዊት ብሌን ብቻ ነበረች። እናቷ እትዬ ብዙነሽ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ አነስተኛ ሆቴል አላቸው። ብሌን ተማሪ ሳለች በባጃጅ እየመጣች የመርጫውን አውሮፕላን ቆማ ታይ ነበር፤ መጀመሪያ መሪ ያስያዛት ሰዲቅ ነው። አብራሪ ከሆነች በኋላ ሦስት ዓመት ከሱ ጋር ረጨች፤ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ አክሮባት ተማረች። በዚህ ውድድር እስከ ሦስተኛው ቀን አራተኛ ነበረች። ከተማው አበደ። ፎቶዋን ያልለጠፈ ባጃጅ አልነበረም።

የመጨረሻው ቀን ላይ ታላላቅ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። አዘጋጁን ድርጅት ወክሎ የመጣው ሚልኪያስ፣ ከፊት ያሉት አምስት አብራሪዎች እንግዶቹ ሳይመጡ እንዳይበሩ ለመነ፤ ሰዲቅም እስከ አምስት ሰዓት ይደርሳሉ ብሎ ተስማማ። ነገር ግን ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። እንግዶቹ ሜዳው ሲደርሱ ሰዓቱ ስድስት ተኩል፣ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነበር።

"ካፒቴን፣ የሚቀጥለው ዓመት ውድድር እዚህ ይሁን አይሁን የሚወስኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው" አለ ሚልኪያስ ክንዱን ይዞ። "ባዶ ሰማይ አሳይተን እንሸኛቸው?"

ሰዲቅ ኢሎናን ጠየቃት። እሷም፣ "ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አየሩን የምታውቀውም አንተ ነህ። ይበረር ካልክ ዳኞቼ ይቀመጣሉ" አለችው።

ዕጣው መጀመሪያ የወጣው ለብሌን ነበር። ሰዲቅ ሲደርስ ከአውሮፕላኗ ክንፍ ጥላ ሥር ቆማ በፎጣ አንገቷን ትጠርጋለች።

"ጋሼ ሰዲቅ፣ አምስት ሰዓት ብለው አልነበር? አሁን እኮ ሰባት ሊሆን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ነገ ጧት ቢሆንስ?"

ወደ እንግዶቹ ድንኳን ዞር ብሎ አየ። ሚልኪያስ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጎን ቆሞ ወደ ሰማይ እየጠቆመ ያስረዳል።

"ነገ እነዚህ ሰዎች የሉም። አራት ደቂቃ ናት ብሌን። በዚህ ሙቀት ስንት ዓመት ስትረጪ ኖረሻል።"

"ስረጭ እኮ አልገለበጥም።"

"ከፍ ብለሽ ጀምሪ።"

ዓይን ዓይኑን አየችው። ፈርታ አልነበረም፤ እሱ ራሱ የሚለውን ያምንበት እንደሆነ ለማወቅ የፈለገች ይመስል ነበር። ከዚያ ፎጣውን ወንበሩ ላይ ጣለችና፣ "እርስዎ ካሉ እሺ" ብላ ገባች።

ሦስቱ ደቂቃ ያማረ ነበር። ከፍ ብላ ጀመረች፤ ቀለበቷ ክብ፣ ግልበጣዋ በቢላ የተቆረጠ ያህል ነበር። ከመንገዱ ዳር የቆመው የከተማው ሕዝብ በእያንዳንዷ ይጮኻል። ሰዲቅ ግን ሌላ ነገር እያየ ነበር። ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ መልሳ የምትወጣው ከወረደችው ያነሰ ነው። ከፍታዋ ቀስ በቀስ አለቀ። ሬዲዮው እጁ ላይ ነበር። "ብሌን፣ ይብቃሽ" ለማለት ሁለት ቃል በቂ ነው። አንድ ቀርቷታል አለ በልቡ፤ አንድ ብቻ።

የመጨረሻዋ ሽክርክሪት ነበረች። አፍንጫዋን ደፍታ አንድ ጊዜ ተኩል ዞረችና በልክ ቆመች። አፍንጫው ቀና አለ። አውሮፕላኗ ግን መስመጧን አልተወችም። ሰዲቅ የሬዲዮውን ቁልፍ የተጫነው ያኔ ነው፤ ምን እንዳለ አያስታውስም። ከሜዳው ማዶ ማሾ እርሻ ላይ ወረደች፤ አቧራ ተነሣ፣ ድምፁ ዘግይቶ መጣ።

ድንኳኑ ውስጥ አጨበጨቡ። የትርኢቱ አካል መስሏቸው ነበር።

ሰዲቅ ሮጦ ሲደርስ የእርሻው ባለቤት ሷሊሕ ቀድሞታል። ሽርጡን ከትከሻው አውርዶ አልብሷታል። "ኢንና ሊላሂ... አይቅረቡ ካፒቴን፣ አይዩ" አለው። ሰዲቅ ግን ቀረበ፤ አየም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውድድሩ ተሰረዘ። ኢሎና፣ ሚልኪያስና ሰዲቅ ጠረጴዛ ከበው የአደጋውን የመጀመሪያ ሪፖርት ሊሞሉ ተቀመጡ።

"ከወለሉ በታች ወርዳለች" አለ ሚልኪያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰባቱም ዳኞች መዝግበዋል። የአብራሪዋ ስህተት ብንል ውሸት አይደለም።"

ኢሎና መነጽሯን አወለቀች። "ከመነሣቷ በፊት ስታናግርህ አይቻለሁ ሰዲቅ። ምን ነበር ያለችህ?"

"ስለ ነፋሱ" አላት ሰዲቅ። "ስለ ነፋሱ ነው የጠየቀችኝ።"

እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ የአብራሪዋ ስህተት ከሚለው ሥር ፈረመ።

በማግስቱ ቀብሯ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ዋለ። ሲመለስ ባጃጅ ያዘ። ከፊቱ መስታወት ላይ የብሌን ፎቶ እንደተለጠፈ ነው። ባለ ባጃጁ ማን እንደጫነ አላወቀም።

"ጎበዝ ነበረች፤ ግን ጉራዋ በላት" አለ። "ለባለሥልጣን ልታይ ብላ ነው አሉ ዝቅ ያለችው። ወረቀቱም እንደዚያ ይላል።"

ሰዲቅ "አቁም" አለው። መሀል መንገድ ላይ ወረደና የቀረውን በእግሩ ሄደ። ቤቱ ሲገባ ለዘይቱና ሁሉንም ነገራት።  "ለኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለእናቷ ንገር እንጂ" አለችው።

በሠልስቱ ሄደ። ከሆቴሉ ፊት በተተከለው ድንኳን ውስጥ እትዬ ብዙነሽ ጥቁር ለብሰው መሬት ተቀምጠዋል። ወንድማቸው ደሳለኝ ከአጠገባቸው ነው። ሰዲቅ ከወንዶቹ መሀል ሊቀመጥ ሲል ሴትዮዋ ጠሩት።

"ሰዲቅ፣ ና እስቲ ወዲህ። ያስተማርካት አንተ ነህ። ልጄ ጉራ ነበረባት?"

"አልነበረባትም እትዬ።"

"ታዲያ ሰዉ የሚያወራው ምንድነው?"

ፊታቸው በርከክ አለ። ለመናገር አስቦበት የመጣው ሁሉ ጠፋውና ከመጨረሻው ጀመረ። "'ነገ ጧት ቢሆንስ' አለችኝ። ሙቀቱን አይታ ነበር። እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ።"



"አንተ ምን አልካት?"

"አራት ደቂቃ ናት አልኳት። ከዚያ ደግሞ ስለ ነፋስ ነው የጠየቀችኝ ብዬ ዋሸሁ፤ ፈረምኩም።"

ደሳለኝ ብድግ ብሎ የሸሚዙን አንገት ጨመደደው። ሰዲቅ እጁን አላነሣም። እትዬ ብዙነሽ ግን፣ "ልቀቀው" አሉ።  "ወረቀት አምጡለት። አሁን ያልከውን በእጅህ ጻፈው።"

ከሆቴሉ ደብተር አንድ ቅጠል ተቀደደለት። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። እሷ ያለችውን፣ እሱ የመለሰውን፣ ለኢሎና የዋሸውን፤ ስሙን ከነአባቱ አሰፈረና ፈረመ። እትዬ ብዙነሽ ወረቀቱን ለደሳለኝ ሰጡት።

"ጮክ ብለህ አንብብ። ውጭ ያሉትም ይስሙ።"

ደሳለኝ እየተቋረጠ አነበበ። "እርስዎ ካሉ እሺ" የሚለው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገው፤ ሌላ ሰው ተቀብሎ ጨረሰው። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ ብዙነሽ አላለቀሱም። ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ።

"አሁን ተነሥና ሂድልኝ። አርባዋ ላይም እንዳላይህ።"

በዚያው ቀን ተመሳሳዩን ጽፎ ለኢሎና ላከላት። ሪፖርቱ ተሻረ፤ የበረራ ፈቃዱ ተወሰደ። ሚልኪያስ ስልኩን ማንሣት ተወ። ክረምቱ ሲወጣ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠበቃ አቁም ቢሉት አሻፈረኝ አለ።

ዳኛው ክሱን አስነብበው፣ "ድርጊቱን ፈጽመሃል?" ሲሉት፣ "ፈጽሜያለሁ" አለ።

"እንዴት እንደሆነ አስረዳ።"

እትዬ ብዙነሽ ከኋላ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰዲቅ ከሜዳው፣ ከክንፉ ጥላ፣ ከፎጣው ጀመረ። ልጃቸው የተናገረችውን ቃል ሲደግም አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማ። እትዬ ብዙነሽ ተነሥተው ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። ሰዲቅ ቆም አለ።

"ቀጥል" አሉት ዳኛው።

ቀጠለ።