የበረባሶው ተረከዝ

ሐረገ ወይን እልኸኛ ናት። አባቷ አቶ ካሴ «ይቺ ልጅ ከበሬዎቼ ይልቅ አስቸገረችኝ» የሚሉት ሊኩራሩባት እንጂ ሊያማርሯት አይደለም። አከርካሪዋ ሳይገጥም ነው የተወለደችው፤ ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል። በሕፃንነቷ ጀርባዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ተረፈች፤ ዘግይታም ቢሆን እያነከሰች መሄድ ጀመረች። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ግን እሳት ቢነካት፣ ውርጭ ቢመታት አይሰማትም።

ግራ እግሯን ያሳጣትም ይኸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለንግሥ ሄደው፣ አቶ ካሴ እንደ ሰው ሁሉ ጫማሽን አውልቂ አሏትና ከቅጽሩ በር ላይ አወለቀች። እሾህ ወጋት። አልተሰማትም፣ አላየችውም፤ ሳምንት ሙሉ እየረገጠችው ዞረች። ቁስሉ አጥንት ገባ፤ ብዙ ታክማ አልድን ሲል እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። አቶ ካሴ ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ቀን ትንፍሽ አላሉም። እግሯንም ቀጥ ብለው አይተውት አያውቁም። እሷም ታውቃለች፤ ግን አባትን ምን ብለው ያጽናኗል?

ኋላ ባሕር ዳር ወርዳ ሰው ሠራሽ እግር ተሠራላት። አዲሱ የሚባለው ባለሙያ በሁለት የብረት ድጋፎች መካከል አቁሞ፣ ወራት ሙሉ በላብ አጥምቋት፣ አስለቅሷት፣ አስቋት አስተማራት። በየማታው የተቆረጠውን ጫፍና የቀረውን እግሯን በመስታወት እንድታይ፣ በባዶ እግሯ መሬት እንዳትረግጥ አጥብቆ ነገራት። ወደ ከተማዋ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመልሳ ልብስ የምትሰፋበት መኪናዋ ዘንድ ያለ ምርኩዝ ስትገባ፣ ሰፈሩ ዓይኑን ማመን አቃተው።

በዚህ መሐል ጓደኛዋ እመቤት ሴት ልጅ ወለደች። እመቤት ማለት ልጅ ሳሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሐረገ ወይንን አዝላ ትምህርት ቤት ያመላለሰች ናት። ገና አራስ ቤት ሳለች አስጠርታት እንዲህ አለቻት፦

«እኔ አንቺን አዝዬ አድጌያለሁ። አሁን አንቺ ልጄን ክርስትና አንሺልኝ። ሌላ ሰው አልፈልግም።»

ሐረገ ወይን በደስታ አለቀሰች። ከዚያም ወደ ቤቷ ስትሄድ ፍርሃት ያዛት። ክርስትና እናት ልጅቱን ታቅፋ በባዶ እግሯ ትቆማለች፤ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ታምናለች። የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ደግሞ ቀጠሮው አይለወጥም።

ሰማንያው ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ቤቷ ውስጥ ተለማመደች። አምስት ኪሎ ምስር በነጠላ ጠቅልላ ታቀፈች፤ ካልሲ አደረገችና ጫማዋን አወለቀች። ወደ ምዕራብ ልዙር ስትል አንዳች ነገር ወደ ኋላ ሳባትና አልጋው ላይ በጀርባዋ ወደቀች። ምስሩ ቤቱን ሞላው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄኔ ነው፤ እያለቀሰች ለቀመች። ደግማ ሞከረች፤ ደግማ ወደቀች።

ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ወሬውን ሲሰሙ፣ እግዜር ሳይፈቅድ ነው፣ ልጅቱ ከእጇ ብትወድቅስ፣ ሌላ ክርስትና እናት ይፈለግ አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሐረገ ወይን ግን ለአንድ ቀን ያህል አምናቸው ነበር። በማግሥቱ እልኋ ተመለሰና ለአዲሱ ደወለች፤ የሠራህልኝ እግር ተበላሽቷል ብላ ተቆጣችው።

«ስትወድቂ ጫማ አድርገሽ ነበር?» አላት።

«ቤተ ክርስቲያን በጫማ ይገባል እንዴ?»

አዲሱ ነገሩ ወዲያው ገባው። ከዚያ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን አመነ። ሰው ሠራሹን እግር ያስተካከለው በጫማዋ ተረከዝ ከፍታ ልክ ነበር፤ ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ይላል፣ እግሩም ወደ ኋላ ያጋድላል። እሱ ቤተ ክርስቲያን ትገቢያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃት፤ እሷም አልነገረችው። ለጊዜው ያንኑ ያህል ከፍታ ያለው ጠንካራ ነገር ከካልሲው ውስጥ ተረከዙ ሥር አድርጊ፣ ኋላ ስትመጪ አይልሻለሁ አላት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይህ ነው።

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበርና አቶ ካሴ ደጃፍ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ሄደው አሮጌ በረባሷቸውን አመጡና የጎማውን ተረከዝ በካራ ቆረጡ። ከሥሯ ተንበርክከው ለኩ፣ ቀረፉ፣ እንደገና ለኩ። ያን እግር በእጃቸው ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው። ጎማው ካልሲው ውስጥ ገብቶ ስትቆም፣ ቀጥ አለች።

አሁን ደግሞ የጫማ ጎማ እንዴት ቤተ ክርስቲያን ይገባል የሚል ጭንቀት መጣ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ገብርኤል ጎማውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ጫማ ሲወልቅ እግር ይቀራል» አሏት። «ይህ ቢወልቅ ግን የሚቀርልሽ መውደቅ ነው። እግርሽ ነው፤ ግቢበት።»

ለቀኝ እግሯም እስከ ክርስትና ቤቱ በር ድረስ በጫማ እንድትመጣ ፈቀዱላት። ወደ አቶ ካሴ ዞረውም በረባሶህ ካንተ ቀድሞ ሊጸድቅ ነው ብለው ቀለዱባቸው።

በሰማንያው ቀን ጠዋት ሐረገ ወይን ስትደርስ አባቷ ቀድመዋታል። የክርስትና ቤቱን ሰሌን ሁሉ አንሥተው፣ በጉልበታቸው እየዳሁ መሬቱን ስንዝር በስንዝር በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ጠጠር ሲያገኙ ኪሳቸው ይከታሉ። ሰሌኑን መልሰው አነጠፉና ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ። እሷን አላዩዋትም።

ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ ጎማውን ግራ ካልሲዋ ውስጥ ከትታ በነጭ ካልሲ ገባች። ልጅቱን ታቀፈች። ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደች፤ እትዬ አስካለ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነች፤ አልተነቃነቀችም። ቄሱ ልጅቱን ከውሃው አውጥተው ሲሰጧት፣ ውሃው ቀኝ እግሯ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አልተሰማትም። ጎንበስ ብላ አየችውና የጥምቀቱ ውሃ እሷንም ስለ ነካት ደስ አላት።

ሥርዓቱ አልቆ ልጅቱን ለእመቤት አስረክባ ወጣች፤ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የቀኝ ካልሲዋን አወለቀች፤ መስታወቷንም ከቦርሳዋ አወጣች። ግን አላየችበትም።

«አባባ፣ ዛሬ እርስዎ ይዩልኝ» አለች።

አቶ ካሴ ከፊቷ ተንበረከኩ። እግሯን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ውስጡን፣ ጎኑን፣ በየጣቶቿ መሐል ሁሉ አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ደም የለውም» አሉ። «ምንም አልነካውም፣ ልጄ።»

ካልሲዋን አለበሷት። ከዚያ ጫማዋን አንሥተው በገዛ እጃቸው አጠለቁላትና ማሰሪያውን አጥብቀው አሰሩላት።