ቦራ የሚቆምበት ቦታ

ሴትዮዋ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ የኮረብታ መንገድ ላይ በፈረስ ሄዳ አታውቅም። ፈረሶቹ ሲታጠቡ፣ ሰኮናቸው ሲጠረግ፣ ኮርቻ ሲጫንባቸው የሷ እጅ አለበት፤ መንገዱ ግን የባሏ ነበር። እሱ በፈረስ ሊሽራሸሩ የሚመጡትን እንግዶች አስከትሎ በኮረብታው ሲዞር፣ እሷ ድንኳኑንና ድስቱን በፒካፕ ጭና በታችኛው መንገድ ወንዝ ዳር ትቀድማለች። እነሱ እስኪደርሱ ማደሪያውን ታሰናዳለች። ካስማ በመምታት የሚስተካከላት ስለሌለ ስሟም ካስማ ሆኖ ቀረ። አንዴ ከተተከለች የሚነቅላት የለም ማለታቸውም ነበር።

ባሏ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሲመጡ የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ «መንገዱን እኔ ልምራ፤ አንቺ እንደለመድሽው ድንኳኑ ጋ» አላት።

«ድንኳኑን አንተ ትከል። ቦራን እኔ ነኝ የምቀመጠው።»

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የባሏ ፈረስ ነው። ከቀብሩ በኋላ ዋርሳዋ ለማለማመድ ሁለት ጊዜ አውጥቶት፣ ሁለቱንም ጊዜ ኮረብታው ላይ ተገትሮ አላላውስ ብሎታል።

«እሺ ተቀመጪው። ዛሬም ከተገተረ ግን እቴ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ሰኞ አሸዋ ለሚጭኑት ባለጋሪዎች ነው የምሰጠው። የሚገተር ፈረስ ከፊት አይሆንም።»

«አይገተርም» አለች። በምን እንደተማመነች እሷም አታውቅም። ከቦራ ሌላ ከባሏ የቀራት አንድ ካፖርትና አንድ ጥንድ ቦቲ ነው። እነሱ ደግሞ አይተነፍሱም።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ አዲስ ተጋቢዎች፣ አንዱ በየዓመቱ ብቻውን የሚመጣ የጥርስ ሐኪም። በዚያው ጠዋት ተነሱ። ከፊት የሚሄድ ሰው ከፈረሱ ጆሮ በቀር የሚያየው ነገር እንደሌለ ያን ቀን አወቀች። ጨዋታው ሁሉ ከኋላ ነው።

«ፈረሱ ነው የሚመራህ ወይስ አንተ እሱን?» ትለዋለች ሙሽራይቱ ሙሽራውን።

«ተስማምተናል። ካንቺ ጋር ከመስማማት ይቀላል።»

«ጥሩ፣ ማታም እሱ ጋ ተኛ።»

ሐኪሙ ሳቀ። ካስማ አልዞረችም። ባሏም እንዲህ ጀርባውን ሰጥቶ ሲስቁ ይሰማ ነበር? ወይስ እየዞረ ይመልስላቸው ነበር? ጠይቃው አታውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፣ መንገዱ ከአናቱ ወደ ወንዙ ከመታጠፉ በፊት፣ ቦራ ቆመ።

በተረከዟ ነካችው። ልጓሙን ሳብ አደረገችው። ወረደችና ከፊቱ ሆና ጎተተችው። አራት እግሩን ተክሎ ዓይን ዓይኗን ያያታል። «ሂድ እንጂ፣ አባቴ» አለችው ቀስ ብላ። «ሂድ፣ ሰኞ ጋሪ ነው የሚጠብቅህ።» ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። እሷም ግትር እሱም ግትር፣ ልጓሙ መሃላቸው ተወጥሮ ቀረ።

«እትዬ፣ ይተዉት» አለ ሐኪሙ ከኋላ። «ሁልጊዜ እኮ እዚህ እንቆማለን።»

«ማን ቁሙ አላችሁ?»

«ጋሼ ናቸዋ። ከዚያ ቁጥቋጦ ጀርባ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፣ እሷ ላይ ይቀመጡ ነበር።»

ልጓሙን ለቅቃ ሄደች። ድንጋይዋ አለች፤ መሃሏ በመቀመጥ ብዛት ለስልሷል። ከሥር ወንዙ፣ ፒካፑ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል የማደሪያ ሜዳ። ዋርሳዋ ሁለት ድንኳን አቁሞ ሦስተኛውን ከነፋስ ጋር ይታገላል። አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል።

«እዚህ ሆነው ያዩዎት ነበር» አለ ሐኪሙ። «‹አሁን ብንወርድ ታባርረናለች፣ ስትሠራ ሰው እንዲገባባት አትወድም› ይሉን ነበር። ‹የመጨረሻውን ገመድ ስታስር ቀና ብላ ወገቧን ትይዛለች፤ ያኔ እንወርዳለን።›»

ካስማ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ የሆነው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ባሏ ቀድሞ ደርሶ የድንኳኑን ሌላ ጫፍ ያዘላት፤ እሷም የአዲስ ነገር ጭንቀት ይዟት «ስሠራ አትግባብኝ፣ ራሴ እችላለሁ» አለችው። አንድ ጊዜ ናት ያለችው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነበር የሚመጣው፤ እሷም በየጉዞው «ሥራ ሲያልቅ ትደርሳለህ አይደል?» እያለች ትቀበለዋለች። «ፈረሱ ደከመ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። አሥራ ስምንት ዓመት አንዱን ጫፍ በጉልበቷ ረግጣ፣ ሌላውን በጥርሷ ይዛ፣ ምነው አንድ ሰው በመጣ እያለች ተከለች። ሰውየው እዚህ ተቀምጦ፣ ምነው በጠራችኝ ሲል ኖሯል ማለት ነው? ወይስ ማየቱ ይበቃው ነበር? ማን ይነግራታል።

«ይስቅብኝ ነበር?»

«ኧረ የለም። ዝም ብለው ነበር የሚያዩዎት።»

ሙሽሮቹ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ማንም የቸኮለ አይመስልም። ካስማ ዋርሳዋ ሦስተኛውን እስኪጨርስ ጠበቀች፤ ከዚያ ተነስታ እርካቡን ረገጠች። ቦራ ሳትነካው ቁልቁል መንገድ ጀመረ።

ዋርሳዋ መዶሻውን እንደያዘ ቆሟል። «አየሁሽ እኮ፣ አናቱ ላይ ስትጎትቺው። ተገተረብሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

«እቴ…»

«የጎተትኩት ቦታውን ስላላወቅኩ ነው። አሁን አውቄዋለሁ። የሚሄድ እንግዳ ሁሉ እዚያ ያርፋል። ቦራም እዚያ ይቆማል፣ ከፊትም ይሄዳል። ጋሪ የሚባል ነገር አትጥራብኝ።»

ዋርሳዋ ሐኪሙን አየው፤ ሐኪሙ የኮርቻውን ማሰሪያ ይፈታል። «እሺ» አለ። «እንደዚያ ካልሽ።»

«አራተኛው ድንኳን የኔ ነው። ተወው፣ ራሴ እተክለዋለሁ።»

ገና ፀሐይ አለ። አንዱን ጫፍ በጉልበቷ ረገጠች፣ ሌላውን በጥርሷ ያዘች። ስድስት ካስማ፣ ስድስት ገመድ። የመጨረሻውን አስራ ቀና አለችና ወገቧን ያዘች። ቦራ ሣሩን ትቶ ሽቅብ ያያል። እሷም አየች። ከታች ሲያዩት ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ ድንጋይ እንዳለ እንኳ አያስታውቅም።

ወገቧን እንደያዘች፣ ከልማዷ አስረዝማ ቆየች።